የተንጋደደው ዚግዛግ

አራስ ልንጠይቅ ከእናቴ ጋር አዲሷ ጎረቤታችን ቤት ገባን። ሕፃኑ የተጠቀለለበት የኪሮሽ ብርድ ልብስ ዚግዛጉ ተንጋዷል፤ አንዱ ጫፍ ረዝሞ ሌላው አጥሯል።

«ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንኳን ሳትይ!» ብላ አራሷ ሳቀች።

እናቴ አልሳቀችም። ኪሮሽ ስትሠራ መታጠፊያው ላይ እንዲህ ቀዳዳ የምትዘለው እህቴ ትርንጎ ነበረች። ስንቴ አስፈታኋት፤ መልሳ እዚያው ላይ ትዘላለች። ካቻምና ከጅዳ በሳጥን መጣች። አይከፈትም ስላሉን ሳንከፍት ቀበርናት።

«ማን ሠራው፣ ልጄ?» አለች እናቴ።

«ባሌ ነው ከጅዳ የላከው፣ እማማ። ማርገዜን ሲሰማ፣ ሾፌር በሆነበት ቤት ለምትሠራ ልጅ ክር ገዝቶ ሰጣት። ምስኪን ናት። ካቻምና ከጓደኛዋ ጋር ከፎቅ ወድቀው ጓደኛዋ ሞተች። እሷ ከዚያ ወዲህ አትናገርም፤ ስሟንም አጠገቧ ወድቆ ከተገኘ ወረቀት ነው ያወቁት። እጇ ግን ይሠራል።»

እልል ልል አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ዝም በይ» አለች። «ያቺ የቀበርናት ልጅም እናት አላት።»