ከመርዶ በፊት የሚቀዳ ውሃ

ትንሿን ከተማችንን ትልቁ ከተማ ዙሪያዋን ከቧታል፤ ውሃችንም የሚመጣው ከእሱ ነው። የለቅሶ ጩኸታችን በመካከላችን ያለውን ግንብ ከተሻገረ ቧንቧውን ለሳምንት ይዘጋብናል። ስለዚህ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ሰፈሩ ውሃ ይቀዳል፤ መርዶ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎህ ሲቀድ የጀሪካን ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። ባሌ ግንቡን ተሻግሮ ለሥራ እንደወጣ ገና አልተመለሰም። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ስሮጥ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቧንቧው ጋ ተሰልፏል።

«ፍጠኑ እንጂ! ሐዘንተኛው ሳይነቃ!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ሁሉም መንገድ ለቀቁልኝ። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ዓይኔን ሳያዩ ጀሪካኖቹን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«አንቺ ቤት ግቢ፣ ልጄ። ያንቺን እኛ እንቀዳልሻለን።»