ከክዳኑ ሥር

ከባምባሲ እንደወጣ የይመር ሞተር ሳይክል ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። እየገፋ መልሶ ከመካኒኩ ከለሜሳ ጋራዥ ደጅ አቆመው። ለሜሳ ካንዴላውን ፈትቶ አየ፤ ደህና ነው። የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ሲከፍት ግን አየር ሽው ብሎ ገባ። ከክዳኑ ሥር፣ መተንፈሻውን ሸፍኖ በጥቁር ክር ጥብቅ ተደርጎ ክዳኑ ላይ የታሰረ ፌስታል ነበር።

«ታንከሩ አየር ሲያጣ ቤንዚኑ አይወርድም፣ ጋሼ። ይሄን ማን አሰረው?»

«ባለቤቴ ናት። ደጅ ስለሚያድር ዝናብ እንዳይገባበት ብላ ነው።»

ለሜሳ ሳቀ። «ክዳኑ መተንፈሻ እንዳለው ይንገሯት እንጂ፣ ነገም ደግማ ታስረዋለች።»

«እነግራታለሁ» አለ ይመር።

ለሜሳ ክሩን ሊበጥስ ምላጭ ሲያነሳ ይመር እጁን ያዘው። ቋጠሮውን ሳይፈታ ፌስታሉን በቀስታ አውልቆ ደረት ኪሱ ከተተው። ከቀብሯ ወዲህ ሞተሩን ያስነሳው ገና ዛሬ ነበር።