የእሁድ ወገብ

ወጣቱ ቅዳሜ ዕለት ለእድሩ ሰብሳቢ ደውሎ፣ «ወገቤን ይዞኛል፤ ነገ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተከላ ላይ አልገኝም» ብሏቸው ነበር። እሁድ ጠዋት ለከተማው የጎዳና ሩጫ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ግን እንደ ጥጃ እየቦረቀ ወጣ።

ሌላ ቀን በክላክስ እየተባረረ የሚሻገረውን አስፋልት ዛሬ መሃል መሃሉን ሮጠበት። ከማያውቀው ሰው ጋር ሳቀ፣ ጨፈረ። «ምናለ መኪና የሚባል ነገር ለዘላለም ቢቀር!» አለ ጮክ ብሎ።

አደባባዩ ጋ አንድ ፒክአፕ በገመድ ታግዶ ቆሟል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሽመክት ከመኪናው ወርደው ሲቁነጠነጡ አዩት። ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! እንኳን ማረህ፣ ልጄ! መኪና አያልፍም ብለውን ድንኳኑን የሚሸከም ሰው ቸግሮን ነበር።»

የድንኳኑን ረጅሙን ብረት ትከሻው ላይ ሲጭኑለት፣ ሯጮቹ «አይዞህ፣ በርታ!» እያሉ አጨበጨቡለት።