የውሻ ላብ

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ካለው ቦይ ውስጥ፣ ሴትዮዋ እንጨቷን እንደተሸከመች ተንበርክካ የውሻዋን አፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። የደኑ ዘበኛ ከበላይዋ መንገዱ ላይ ነበር። እንጨቱን ቢወስድ ይውሰድ፤ እንጨት ነገም ይለቀማል። ዘበኞቹ ግን ገመዱንም ይወስዳሉ። የራሷን ባለፈው ሳምንት ወስደውባታል፤ ጀርባዋ ላይ ያለው የጎረቤት ነው። ያለ ገመድ እንጨት የለም፤ ያለ እንጨት ደግሞ ልጆቿ ጦማቸውን ነው የሚያድሩት።

ውሻው ዳገቱን ተከትሏት ወጥቶ፣ ምላሱን ስንዝር አውጥቶ ያለከልክ ነበር። ውሻ ላቡ ምላሱ ላይ ነው፤ ሌላ የሚያልብበት ቦታ አልተሰጠውም። ይህን እሷም ታውቃለች። «ትንሽ ቻል አድርጋት፣ የኔ ጌታ» አለችው በሆዷ። የውሻው ዓይን ፈጠጠ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋና ይሟሽሽ ጀመር፤ ምላሱ መዳፏ ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ማነው እዚያ?» አለ ዘበኛው።

ብትለቀው ገመዱ ሄደ፤ ካልለቀቀችው ውሻው እጇ ላይ ሊሞት ነው። ዓይኗን ጨፍና ይበልጥ ጨመቀችው።

ዘበኛው፣ «ሚሊኒየም» የሚል ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ አጎንብሶ አያት።

«እናቴ፣ ውሻውን ይልቀቁት፣ ይሞትብዎታል» አለ። «ሲያለከልኩ የሰማሁት እርስዎን ነው።»

ለቀቀችው። ዘበኛው ገመዱን ሲፈታ፣ ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተው ያዩት ነበር።