ጉንዳን የነከሰው እጅ

ኢዮሲያስ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ ይጥለዋል። ዘንድሮ ዛፉን ያለ ገመድ ነው የሚወጣው።

«አብደሃል?» ትላለች አስካለች። የሟች ወንድሙ የሳህሉ ሚስት ናት። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ፊቱ ስላላማራት፣ ባጃጅ እስከሚደርስበት ተሳፍራ መጥታ ከዚያ ጭቃውን እየረገመች በእግሯ ተከትላዋለች።

ዛፉን ቀና ብሎ ያያል። በየዓመቱ የሰቀላቸው ቀፎዎች ቅርንጫፉን ሞልተውታል። ጠርቦ፣ አጥኖ፣ ጾሞ ጸልዮ ነው የሰቀላቸው። ሰው ሁሉ ማር ሲቆርጥ የሱን ቀፎ ግን ንብ ዞሮ አያየውም። ንብ የገባ ቀን እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ማለት ነው፣ ብሎ ለራሱ ከነገረ ቆይቷል።

ሳህሉ የሞተው እዚሁ ዛፍ ላይ ነው። ሳህሉ ከላይ፣ እሱ ከታች አንድ ገመድ ይዘው ቀፎ ሲያወጡ፣ ጉንዳን የሱን እጅ ነከሰውና ገመዱን ለቀቀ። ለጉንዳን! ቀፎውና ሳህሉ አብረው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ዙሪያው ጭር ባለ ቁጥር ወንድሙ «ያዝ! ያዝ!» ሲለው ይሰማዋል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አልቆ ጉባኤው ዝም ሲል እንኳ ይሰማዋል።

«እኔ ይቅር ካልኩህ ስንት ዘመኔ» ትለዋለች አስካለች።

«አንቺማ ደግ ነሽ፤» ይላታል።

«በኛ ልፋት የሚሆን ቢሆን ጌታ ምን ሊያደርግ ተሰቀለ? ተው በእናትህ!»

ግንዱን አቅፎ መውጣት ይጀምራል። ዝናብ ያራሰው ቅርፊት ያዳልጣል። ከሰው ቁመት ሳያልፍ እግሩ ከድቶት ከዛፉ ሥር ሐረግ ውስጥ ይወድቃል።

ጫካው ጭር ይላል። አሁን ሊጠራኝ ነው ብሎ ጆሮውን ይይዛል። ድምፅስ ይመጣል፤ ግን ዝቅ ያለ፣ ቃል የሌለው፣ ከመሬት የሚወጣ ድምፅ ነው።

ሐረጉን ይገልጣል። ከሳህሉ ጋር የወደቀው ቀፎ ነው። ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ሣር በቅሎበት፣ እንደወደቀ አለ። ከቀብሩ ወዲህ ኢዮሲያስ ወደዚህ ጥግ ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም። ያነሳው የለም፤ ያጠነውም የለም።

በስንጥቁ ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

አስካለች አጠገቡ ትንበረከካለች፤ እንባዋን አትጠርግም። እሱ ያንን የለቀቀ እጁን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ስንጥቁ አጠገብ ያሳርፈዋል። ንቦቹ ይሄዱበታል። አንዷ አይበሉባውን ትነድፈዋለች።

እጁን አያነሳም።