የእናት ጓንት

የሟች እናቶች የእጅ ሙያ በጓንት እየተቀረጸ የልጆቻቸውን እጅ መምራት ከጀመረ ወዲህ፣ በዚያ የኮሪያ መንደር ኪምቺ የሚባለውን በበርበሬ የታሸ የክረምት ጎመን በገዛ እጇ የምትሠራ ጠፍታለች።

ሚሱክም የእናቷን ጓንት አጥልቃ፣ በእናቷ ማድ ቤት ከጎረቤቶቿ ጋር ጎመኑን በበርበሬ ልትለውስ ተቀመጠች። እናቷ በሕይወት ሳሉ፣ «ስኳር የምትጨምር ሴት ባለሙያ አይደለችም» እያሉ መንደሩን ሲያሳቅቁ የኖሩ ናቸው።

ጓንቱ ድንገት እጇን ጎትቶ ከመደርደሪያው ጀርባ የተደበቀ ጣሳ አወጣና ሁለት ጭብጥ ስኳር በርበሬው ላይ ነሰነሰ።

ሚሱክ ክው አለች። «እትዬ ቦክሱን፣ ጓንቱ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ።»

«ምኑ ተበላሸ? ያቺ ጉደኛ፣ አርባ ዓመት እኔን በስኳር ስታማ!» ብለው ጎረቤቷ ይስቁ ጀመር።

ሳቃቸው ግን፣ ዓይናቸው ራሳቸው ባጠለቁት የእናታቸው ጓንት ላይ ሲያርፍ ቀጥ አለ። ቀስ ብለው አወለቁት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በርበሬው እየለበለባቸው፣ ጎመኑን ሁሉም በባዶ እጃቸው ለውሰው ጨረሱት።