ከቅንድቡ በላይ

አባቷ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ ወስዶ ቀጥ አለ። ልጅቷ ከካሜራ ጠጋኙ ባንኮኒ ጎን ተቀምጣ ፈገግታዋ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ እሱ ግን ማንሻዋን አይጫንም።

"አባዬ፣ አንሳኛ።"

"ገና ነው። ካሜራዋ አልተዘጋጀችም።"

ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙም "ማየት የሚፈልጉትን አሁን ይዩ" ብሎታል። አባቷ ሳይከራከር ወጣና፣ ስንቱን ሙሽራ ባነሳባት ካሜራ ልጁን አንዴ አንስቶ ካሜራዋን ሊሰቅላት ቆረጠ። ካሜራ ጠጋኙ የድሮ ጓደኛው ስለሆነ አድሶለት፣ ፊልምም አጉርሶ ነው የሰጠው።

"ተዘጋጅታለች፣ ጫን!" አለ ጠጋኙ። "ይቺ እኮ ነሐስ ናት። ያሁኖቹ እንደ ላባ ይቀላሉ፣ ባትሪያቸው የሞተ ቀን ግን በር ማስደገፊያ ናቸው። ይቺ ትከሻ ትገነጥላለች እንጂ አትሞትም። ያቺን ነገረኛ ማጠንጠኛም ገላግዬሃለሁ።"

ፊልም የሚጎተትባት ማጠንጠኛ እውነትም ነገረኛ ነበረች። ወጣ ካላለች በቀር ካሜራዋ አታነሳም፤ ሠሪዎቹ ቦርሳ ውስጥ በስህተት እንዳትነካ ብለው ነው እንዲህ የቆለፏት። ታዲያ በቀኝ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም። እንደ አባቷ በግራ ለሚያይ ግን የወጣችው ማጠንጠኛ ቀኝ ቅንድቡን ትወጋዋለች። "አንቺ ምቀኛ" እያለ ዕድሜ ልኩን ሰድቧታል። ጓደኛውም አዝኖለት ቁልፏን ፈትቶ፣ ማጠንጠኛዋ ተኝታም ካሜራዋ እንድታነሳ አደረጋት።

ልጅቷ የአባቷን ግንባር አየች። ምንም የለበትም። ልጅ ሳለች፣ ከሠርግ ሲመለስ ከቅንድቡ በላይ ምስር የምታክል ቀይ ምልክት ይዞ ይገባ ነበር። እሷ ጭኑ ላይ ወጥታ በአውራ ጣቷ ታሽለታለች። ያ ጊዜ ናፈቃት።

"ጋሼ፣ እንደ ድሮዋ ያድርጉለት" አለች። "ካልወጋችው መዘጋጀቷን በምን ይወቅ?"

ጠጋኙ አንዴ እሷን አንዴ ጓደኛውን አየና ካቻቪቴውን አነሳ። "ይኸው፣ ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ" ካለ በኋላ የተናገረው ገብቶት ምላሱን ነከሰ።

"እሱስ ያለ አንተም ሊጠፋ ነው፤ አልከስህም" አለ አባቷ እየሳቀ።

ጠጋኙ ቀና ሳይል ቁልፏን መለሰ፣ ሞላዋን አጠበቀ። አባቷ ተቀበለው፤ ማጠንጠኛዋን በአውራ ጣቱ ወጣ አድርጎ ካሜራዋን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ቅንድቡን ወጋችው።

"አንቺ ምቀኛ" አላት ቀስ ብሎ፤ ተጫናት።

ካሜራዋን ሲያወርድ ምልክቷ ቀልታ ነበር። ልጅቷ ተነስታ ሄደች፣ አውራ ጣቷንም አሳረፈችበት።